ሳይበጠስ ቺንጋ የሚቀይር ፈሪ ነው

እኔ የማከብረው ሹፌር ታይሚንግ ቺንጋውን፣ ያን የሞተሩን ባለጥርስ ላስቲክ፣ ሲበጠስ የሚቀይረውን ነው። ሌላው ማኑዋል አንባቢ ነው በቃ። እንዴ፣ ፋብሪካው 100,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ቀይር ስላለህ ትቀይራለህ? ፋብሪካው አንተን የት ያውቅሃል? የኛ ጀግና ግን ቁጥር አይገዛውም፣ ሞተሩን ያስነሳና ጆሮውን ዘንበል አርጎ ያዳምጣል፣ ከዛ "ምንም ድምፅ የላትም" ይላል፣ አለቀ። የዲናሞው ቺንጋ እኮ ጠዋት ጠዋት ሲጥ ሲጥ ስለሚል በማግስቱ ይቀየርለታል፣ ታይሚንጉ ግን ጨዋ ነው፣ ከነሽፋኑ ተደብቆ ጥርሱ ሲሸረፍም ውስጡ ያለው ክር ሲደክምም ትንፍሽ አይልም፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ያለው ሰውዬ መኪና አልነበረውም።

ደሞ ስለ ዓመት የሚያወሩ አሉ። ማኑዋሎቹ እንደየሞተሩ ከ60,000 እስከ 160,000 ድረስ የተለያየ ኪሎሜትር ይሰጡና ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ዓመትም ይጽፋሉ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይያዝ ይላሉ። ጀግናው ይቺን መስመር ሲያነብ "ከሁለቱ ዘግይቶ የደረሰው" ብሎ ነው የሚያነባት፣ ያው ዓይን አንዳንዴ ይስታል። መኪናዋ 12 ዓመቷ ነው፣ 70,000 ሄዳለች፣ "ገና ልጅ ናት" ይልሃል። ጎማ ነገር ቆሞም እንደሚያረጅ፣ በሞተር ሙቀት ደርቆ እንደሚሰነጠቅ እንዳትነግረው፣ ይከፋዋል። ትራፊክ ውስጥ ቆማ ሞተሯ ሲዞር ቺንጋውም አብሮ እንደሚዞርና ኪሎሜትሩ ግን አንዲት እንደማይቆጥርማ ጭራሽ እንዳታነሳ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን በጣቱ የሚመረምረውን ነው። የላይኛውን ሽፋን ያስከፍታል፣ ከቺንጋው አንዲት ስንዝር የምታህል ትታየዋለች፣ ሁለት ጣቱን ሰዶ ቆንጠጥ ያረጋታል፣ ጀርባዋን ዳሰስ፣ "ይሄ እንኳን አሁን ገና አምስት ዓመት ይሄዳል።" ሐኪም ቢሆን ኖሮ አውራ ጣት ነክቶ የልብ በሽታ የሚያውቅ ዓይነት ነው። የሞተር ዘይት ከላይ እየተንጠባጠበ ላስቲኩን ሲያበላሸው ካየ ደሞ "ቅባቱ ጥሩ ነው፣ ያለሰልሰዋል" ይላል። የኔዋ በላስቲክ ሳይሆን በብረት ካቴና ነው የምትሰራው ብሎ ጭራሽ የሚገላገልም አለ፣ ከፍቶ ያየ ሰው ግን የለም።

ለመሆኑ ቺንጋው ምን ሲሰራ ነበር? ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት ፒስተኖች የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ሁለቴ ሲዞር፣ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚከፍተው ካምሻፍት አንዴ እንዲዞር አስሮ ይይዛቸዋል፣ እና ፒስተን ሽቅብ ሲመጣ ቫልቭ ከመንገዱ ዞር እንዲል ያደርጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል። 25! በብዙ ሞተሮች ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ነው በተራ በተራ የሚገቡት፣ እንግዲህ አስበው፣ ፒስተንና ቫልቭ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ቤት እየኖሩ ተያይተው አያውቁም፣ መሃላቸው ገብቶ የሚከለክላቸው ይሄ ምቀኛ ላስቲክ ነው። ጀግናችን ነው የሚያገናኛቸው። ቺንጋው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ቀጥ ይላል፣ ፒስተኑ ግን በጀመረው ፍጥነት ይመጣል፣ ቫልቩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፣ ተቃቅፈው ይታጠፋሉ። የእድሜ ልክ ናፍቆት በአንድ ሰከንድ።

ቺንጋ ለማስቀየር "ለአንድ ላስቲክ ይሄን ያህል?" ብሎ ሲያማርር የነበረው ሰውዬ አሁን ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ያስወርዳል፣ ቫልቭ ያስገዛል፣ ፒስተኑም ተመቶ እንደሆነ ያሳያል። ቸር ሰው ነው፣ ጋራዡን በሙሉ አበላ።

በእርግጥ ከጀግኖቹ መሃል ብልጦችም አሉ። ኪሎሜትሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መኪናዋን ያሳጥባሉ፣ ወንበሯን ያስለብሳሉ፣ ይሸጣሉ። "ታይሚንጉስ?" ስትለው "በቅርቡ ነው ያስቀየርኩት።" መቼ? "በቅርብ።" ስንት ኪሎሜትር ላይ? "ኧረ በጣም በቅርብ!" ወረቀት የለም፣ ቀን የለም፣ ቃል ግን አለ። ገዢውም ቃል ያምናል፣ ጌጁ ላይ ያለውን ቁጥርም ያምናል፣ ያ ቁጥር ስንቴ ወደ ኋላ እንደተመለሰ የሚያውቀው ያስመለሰው ነው።

የኔ ጎረቤትም ባለፈው በገመድ ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። አብሬው ነበርኩ። መካኒኩ ልጅ ነው፣ ትሁት፣ የታጠፉትን ቫልቮች ጨርቅ ላይ ደረደራቸው።

"ጋሼ፣ ታይሚንጉን መቼ ነበር ያስቀየሩት?"

"ምን ያስቀይረኛል ልጄ፣ እስከ ትናንት ደህና ነበረ እኮ! ምንም ምልክት አላሳየም።"

ልጁ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ ቺንጋውን የሚወጥረውን ቴንሽነርና ዋተር ፓምፑን እያሳየው "እነዚህም የድሮዎቹ ናቸው፣ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ቺንጋው ነው፣ ነክሶ ከቆመ አዲሱንም ይበጥሰዋል፣ እንደተከፈተ አብረን እንቀይራቸው?" አለው።

ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ ፓምፑን በጣቱ አዞረው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

"ይሄ ምን ሆነ? ድምፅ የለው!"