«ማን ነው የነካው?»

ያነበብኩት የአንድ ጽሑፍ ጸሐፊ «የቴክኖሎጂ ቡድን መሪ ከሁሉም በላይ የኮምፒውተር አዋቂ መሆን አለበት» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ቀድሞ በሠራሁበት ባንክ፣ በደመወዝ ቀን ሲስተሙ ቆመ። ኃላፊያችን፣ በሙያቸው የማይታሙ መሐንዲስ፣ በሩን ከፍተው ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ነው የነካው?» የሚል ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት መስመር ትእዛዝ የቀየረው ልጅ ሻዩ እየቀዘቀዘ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ምክንያቱን እስክናገኝ 3 ሰዓት ባከነ።

ጊትላብ የተባለው፣ የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሠራተኛው የዋናውን የመረጃ ቋት በስሕተት ሲሰርዝበት የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ። የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ፤ ሰውየው ግን አልተባረረም። የተመረመረው መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ለምን እንዳልሠሩ ነበር። የእኛው ልጅ ግን በወሩ መልቀቂያ አስገባ።