በሰማንያ መኖር ዝሙት ነው?

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ስብከት ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ደብር፣ በንግሥ ቀን፣ ሰባኪው «ሳይቆርቡ አብረው የሚኖሩ ሁሉ ዝሙተኞች ናቸው» አለ። ግማሹ እልል አለ። ግማሹ አንገቱን ደፋ። በሰሜን ሸዋ ስንቱ ሰው በሰማንያ ተጋብቶ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ልጅ ወልዶ ይኖራል! ቁርባኑን ለእርጅናው ያቆየዋል።

ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲከራከሩበት ጠየቅን። አንዱ እዚያው አካባቢ ለረጅም ዓመት ያገለገሉ ቀሲስ ናቸው። ሌላዋ መንዝ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት።

ቀሲስ፦

ሰባኪው ቃሉን አክርሮታል፤ እሱን አልክድም። ሐሳቡን ግን አልጥለውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ቃል አለው። ምንዝር የተጋባ ሰው ትዳሩን ሲያረክስ ነው። በዐሥርቱ ትእዛዛት «አታመንዝር» የተባለው ይኼ ነው። ዝሙት ግን ሰፋ ይላል። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ «ፖርኒያ» ይባላል፤ ከጋብቻ ውጭ ያለውን ሩካቤ ሁሉ ይይዛል። ጌታችን ደግሞ ነገሩን ከእጅና ከእግር አንሥቶ ልብ ውስጥ አስገባው። ወደ ሴት አይቶ የተመኘ በልቡ አመንዝሯል አለ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ተመልከቱ። ቆሮንቶስ መርከበኛውም ነጋዴውም የሚተላለፍባት ከተማ ነበረች። «ከዝሙት ሽሹ» ነው ያላቸው። ታገሉት አላለም፣ ተጠንቀቁት አላለም። ሽሹ! ምክንያቱንም ነገራቸው፤ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው። ሥጋችንን ከማክበር የመጣ ትእዛዝ ነው እንጂ ከመናቅ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ጋብቻ የሚባለው የቱ ነው የሚል ነው። ሳምራዊቷን ሴት ጌታ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሲያገኛት «አሁን ከአንቺ ጋር ያለው ባልሽ አይደለም» አላት። አብሮ መኖር ብቻውን ባል አያደርግም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት የቆጠረችው በዋዛ አይደለም። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ስለ ባልና ሚስት ሲጽፍ «ይህ ምሥጢር ታላቅ ነው» ብሏል።

ሰማንያ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ነው። ከቁርባን በኋላ መፋታት የለምና ሰው ይፈራል። «ብንጣላስ?» ይላል። ንስሐ ልጆቼን «መቼ ነው የምትቆርቡት?» ስላቸው «ገና ነን አባ» ይሉኛል። ከምን ነው ገና የሆኑት? አምስት ልጅ ወልደዋል እኮ። ሲያረጁ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ፣ ያኔ ይመጣሉ። ለእግዚአብሔር የተረፈውን መስጠት ይኼ ነው።

አዋላጅዋ፦

ቀሲስ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ሥጋ ክብር ያሉትን እኔም አምናለሁ። ሥራዬ ከሥጋ ጋር ነውና።

ግን ሳምራዊቷን ካነሡ አይቀር ጥቅሱን ከላይ እንጀምረው። «አምስት ባሎች ነበሩሽ» ነው ያላት። ባሎች! አምስቱም ያለ ሥጋ ወደሙ ነው ያገቧት፤ ያኔ ቁርባን የለም። ጌታ ግን ባል ብሎ ጠራቸው። ስድስተኛውን ነው «ባልሽ አይደለም» ያለው። ባልን ባል ካልሆነው ለይቶ ያውቃል። የእርስዎ ሰባኪ ግን አልለየም።

ይስሐቅና ርብቃን ደግሞ ያስቡ። ሎሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተጠይቆ፣ ስጦታ ተሰጥቶ፣ ልጅቱም ራሷ ተጠይቃ «እሄዳለሁ» አለች። የእኛን ሽምግልና አይመስልዎትም? ይስሐቅም ወደ እናቱ ድንኳን አስገባት፤ መጽሐፉ «ሚስትም ሆነችው» ይላል። ነቢዩ ሚልክያስ ደግሞ በሰውየውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክሩ እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነ ይናገራል። «የቃል ኪዳንህ ሚስት» ይላታል። ቃል ኪዳን በሽማግሌ ፊት ሲገባ እግዚአብሔር አይሰማም?

እናቴና አባቴ በሰማንያ 38 ዓመት ኖረዋል። አንድ ቀን አልተለያዩም። አባቴ ወደ ሌላ ሴት አልሄደም። እሑድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። ድርገት ሲወርድ፣ ሕዝቡ ሥጋ ወደሙ ሲቀበል፣ እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትስበውና ግድግዳውን ትይዛለች። ልጆች እኛ እንቆርባለን፤ እሷ ትቀራለች። አፌ ላይ ነጠላዬን አስይዛኝ ወደ ቤት ስንሄድ አንድም ቀን ስለ ራሷ አላወራችም። በመጨረሻ ሲቆርቡ አባቴ በርኖሱን አውልቆ ነጭ ለበሰ፤ ውርጩ ግን እንደ መንዝ ውርጭ ነበር። ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር። በብርዱ ብቻ አይመስለኝም።

እሷን ነው ዝሙተኛ የምንላት?

ሌላም ልንገርዎት። ይህ ቃል ማዋለጃ ክፍል ድረስ ይገባል። አንድ ሌሊት የ19 ዓመት ልጅ መጣች። ምጡ በርትቶባታል። የአልጋውን ብረት ይዛ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዝሙተኛ ስለሆንኩ ነው፣ እግዚአብሔር ሊገድለኝ ነው»። እርግዝናዋን ደብቃ ነበር። አንድም ቀን ክትትል አላደረገችም። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው፤ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ ከአንድ ወጣት ጋር ቤት ተከራይተው። እሱ የለም። ስልኩም አይነሣም። «ዝሙተኛ» የሚለው ቃል አልጋው ላይ ተኝቶ ያገኘው እሷን ብቻ ነበር።

ቀሲስ፦

ልጄ፣ የእናትሽን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ቃል ለእሳቸው አይገባም። ሰባኪውንም አግኝቼ እነግረዋለሁ። በሰማንያ ተጋብቶ ታምኖ የሚኖርን ሰውና ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ የሚለውን በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው።

ነገር ግን ራስሽ የጻፍሽውን አትዝለዪው። እናትሽ 38 ዓመት ግድግዳ ይዘው ቆሙ አልሽ። ያ መልካም ነበር? እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እሳቸው ገና በሠርጋቸው ሰሞን ቆርበው ቢሆን ኖሮ፣ አንቺን እጅሽን ይዘው አብረውሽ ይቀበሉ ነበር። «ሰማንያው ይበቃል» ስንላቸው ነው የከለከልናቸው። ያልኩት እሱን ነው።

ቁርባን የሽማግሌ ነው የሚለው ከየት መጣ? አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አንኮበር መድኃኔ ዓለም የቆረቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። ያኔ ንጉሡ አርባ እንኳ አልሞላቸውም። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ነበራቸው። ያንን ትተው ቆረቡ፤ ከዚያ በኋላ ሞት እስኪለያቸው እስከ 1906 ዓ.ም. አልተፋቱም። ጉልበትም ሥልጣንም እያላቸው በሩን ዘጉት። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ይህን ታሪክ እናወድሰዋለን፤ ልጃችንን ስንድር ግን አናስታውሰውም።

የዚያችን ልጅ ነገር ምን ልበል። ለእሷ ያንን ያስተማራት ሰው መጽሐፉን ከግማሹ ነው ያነበበው።

አዋላጅዋ፦

ቃልዎን ስለመለሱ አመሰግናለሁ። ስለ እናቴ ያሉትም እውነት ነው፤ ቀድማ ብትቆርብ ደስ ባለኝ። በዚህ ተሸንፌያለሁ።

ግን ግሣጼው ከማን ይጀምር? አሁንም ጥያቄዬ ይኼ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ ከላይ ነበር የምትጀምረው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮን የአባቱን ሴት አገባ ተብሎ እነ አባ አኖሬዎስ ፊት ለፊት ገሠጹት፤ አወገዙት። ንጉሥ ነው! አባ አኖሬዎስ ተገረፉ፣ መነኮሳቱ ተሰደዱ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው ቤተ መንግሥት ገብቶ ነው። ቤርሳቤህን ሄዶ አልሰደበም። ይሁዳም ትዕማር ትቃጠል ብሎ ከፈረደ በኋላ ያስያዘው ቀለበትና በትር ሲመጣለት «ከእኔ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ ናት» አለ።

አሁንስ? አንዱ መንዝ ሚስት አለችው፣ ደብረ ብርሃን ሌላ ቤት ተከራይቷል፣ ንግሥ ሲሆን ጃንጥላ ገዝቶ ያበረክታል። ስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። እሱን ዝሙተኛ ያለው ሰው አልሰማሁም። ወንድ ሲሆን «ወንድ ነው» እንላለን። ይህን ቃል በእናቶቻችን አፍ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ፈሪሳውያን ያቺን ሴት ጌታ ፊት ሲያቆሟት «ስታመነዝር ያዝናት» አሉ። ብቻዋን ማመንዘር ይቻላል? ኦሪት ዘሌዋውያን ወንዱም ሴቲቱም ይሙቱ ነው የሚለው። ሕጉን ለመፈጸም ቢሆን ሁለቱንም ያመጡ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ያስተምሩልን። ብዙ ልጆች ክብረ ንጽሕናቸውን ካጡ ቤተ ክርስቲያን የማታጋባቸው ይመስላቸዋል። ለደናግል የሚደረገው ተክሊል ባይኖር ንስሐ ገብቶ በቁርባን መጋባት እንዳለ አያውቁም። «እኔ እንደሁ አንዴ ተበላሽቻለሁ» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ምን ይጠብቃቸዋል? ሽሹ ብለን መሸሻውን ደብቀን!

ቀሲስ፦

ስለ ወንዱ ያልሽውን አንድም ቃል አልቀንስም። እኔም ልጨምርልሽ፤ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 የአባቱን ሚስት ያገባ ሰው አለ። ጳውሎስ ከማኅበር ይውጣ ያለው ወንዱን ነው። በሁለተኛው መልእክቱ ደግሞ የተቀጣ ሰው ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑት ይላል። አባቶች ያው ሰው ነው ይላሉ። ቅጣትም ማጽናናትም በአንድ እጅ ተጻፈ።

ስለ ጃንጥላውም እውነትሽን ነው። ተቀብያለሁ፤ አውቄም ዝም ያልኩበት ቀን አለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ያቺን ሴት ግን ጌታ «እኔም አልፈርድብሽም» ብሎ ብቻ አልሸኛትም። «ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» አላት። ሁለተኛውን ከቆረጥነው እሷን ወደዚያው ወደ ተከራየችው ቤት ነው የምንመልሳት፤ ስልክ ወደማያነሣው ሰው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዘሽ ቆየሽ። በማግስቱ «እንደ ፈለግሽ ኑሪ» ብለሽ ትሸኛታለሽ? አትሸኛትም። እኔም እንደዚያው ነው።

አዋላጅዋ፦

አልሸኘኋትም። ልጅቷ በሕይወት አለች፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። 40 ቀኑ ደርሷል። ክርስትና ለማስነሣት ፈርታለች፤ «አባቱ የታለ ቢሉኝ ምን እላለሁ» ትላለች። ሰፈሯ ያለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትፈልግም።

ብቻዋን ግን አልክላትም፣ ቀሲስ። ደግሞ ብቻዋን እንድትቆም አልፈልግም። የሕፃኑ አባት ደብረ ብርሃን ነው፤ የሚሠራበትን አውቃለሁ።

ቀሲስ፦

ሕፃኑን ይዛ ትምጣ። የሚጠይቃት የለም፤ ደጁ ላይ እኔ እቆማለሁ። የክርስትና አባት ከጠፋ ከሰበካው ሽማግሌ አንዱን አቀርባለሁ።

የአባትየውን የሥራ ቦታ ላኪልኝ። ቅዳሜ ሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቄ አናግረዋለሁ።