ዝርዝሩ ተነበበ፣ ውሉ የት አለ?

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ22 ሚኒስትሮችን ሹመት ሲያጸድቅ የብዙ ሰው ጆሮ የቆመው የሦስት ተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች ስም ሲጠራ ነበር። የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርትን፣ የአብኑ በለጠ ሞላ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂን፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ ባህልና ስፖርትን ያዙ። በዚያ ሰሞን «ሹመት ያዳብር» ያለውም፣ «ተገዙ» ያለውም ብዙ ነበር። ውሎ ሲያድር ምርቃቱ ተረስቶ ሐሜቱ ቀረ።

ሐሜቱ ከክፉ ልብ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በ2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ገዥው ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ፤ ኦነግ በምርጫው አልተሳተፈም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መንግሥት ለመመሥረት ከገዥው ፓርቲ ውጭ የማንም ድምፅ አላስፈለጋቸውም። ድምፁ የሚፈለግ ትንሽ ፓርቲ «ቃላችሁን ካልጠበቃችሁ እወጣለሁ» ማለት ይችላል፤ ሲወጣ መንግሥት ይናጋልና ይሰማል። አራት ወንበር ይዞ 410 ወንበር ፊት የቆመ ግን በምን ያስፈራራል? የተሰጠው ሥልጣን በድርድር የተገኘ ሳይሆን በሰጪው ቸርነት የተገኘ ነው። ቸር ደግሞ የሰጠውን መልሶ ሲወስድ ከሳሽ የለበትም። ተቀባዩ ይህን ስለሚያውቅ አንደበቱን ይቆጥባል።

ስለ ሹማምንቱ ችሎታ እየተናገርሁ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስገቡትን የትምህርት ሚኒስትር የሚነቅፍ ሰው እንኳ «እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ» አይላቸውም። የሚያሳስበኝ በምክር ቤት መንግሥትን እንዲሞግት የተመረጠው ፓርቲ መሪው ካቢኔ ውስጥ ሲገባ ምን ይሁን የሚለው ነው። የኢዜማ አራት ተመራጮች በበጀት ላይ እንዴት ድምፅ ይስጡ? ሚኒስትሩ በካቢኔ ውሳኔ ባይስማሙ በአደባባይ መናገር ይችላሉ? ከሹመቱ ዝርዝር ጋር ይህን የሚመልስ የስምምነት ሰነድ ለምክር ቤቱ አልቀረበም። ፓርቲዎቹ መግለጫ ማውጣታቸው አይቀርም፤ መግለጫ ግን ውል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በርካታ የኢዜማ አባላት ፓርቲያቸው ለመንግሥት ቀርቧል ብለው ሲለቁ፣ ልክ ናቸው ወይስ ተሳስተዋል ብሎ ለመዳኘት የሚገለጥ ወረቀት አልነበረም። ወረቀት በሌለበት ደግሞ ሕዝቡ የሚያነበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የቆየ ጥቅስ ነው።

ውሉን ካላሳዩት ወገኖች ሌላ ተጠያቂው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎቹን ለምክር ቤቱ አቅርቦ ሹመታቸውን እንዲያስጸድቅ ያዛል። ማጽደቅ የመጠየቅና የመከልከል ሥልጣን ካልጨመረ ጭብጨባ ነው። በተግባር የዕጩዎቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ጥቂት እጆች ለአስተያየት ይነሣሉ፣ ዝርዝሩ በጅምላ ለድምፅ ይቀርባል፣ ቃለ መሐላ ይከተላል። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትላቸው በፈቃዳቸው መልቀቃቸው ለምክር ቤቱ ተነገረ፤ በዚያው ዕለት ተተኪዎቻቸው ተሾሙ። የአንድ አገር የዳኝነት አናት በአንድ ስብሰባ ተለወጠ ማለት ነው። ለቀበሌ ማኅተም እንኳ «ነገ ተመለስ» በሚባልበት አገር ይህ ፍጥነት ያስቀናል።

የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ከዚህ ጥርጣሬ አላመለጠም፤ እዚያ ግን ቢያንስ ሕዝብ እንዲጠቁም ተጋብዞ ነበር። ከ632 ጥቆማዎች 42 ተለይተው፣ የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙ። ከ42ቱ ወደ 11ዱ የተወረደበት ሚዛን በበቂ ስላልተብራራ የተቃውሞ ድምፅ ተከተለ። የተሾሙት ሰዎች ሥራ ሳይጀምሩ የአመራረጣቸውን ዕዳ ተሸከሙ።

«ድርድር በአደባባይ አይደረግም» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ጀርመኖችም በዝግ በር ነው የሚደራደሩት። ሲጨርሱ ግን የጥምር መንግሥቱን ውል ያትሙታል፤ ማን የትኛውን ሚኒስቴር እንደሚይዝ፣ ሲጣሉ ምን እንደሚደረግ ማንም ገዝቶ ወይም አውርዶ ያነበዋል። በእስራኤል ደግሞ የጥምረት ስምምነት ለአገሪቱ ምክር ቤት ለክኔሴት መቅረብ በሕግ የታዘዘ ነው። በሁለቱም አገሮች ሐሜት አለ፤ ሐሜተኛው ግን ቢያንስ ገጽ ጠቅሶ ያማል።

እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። የዕጩዎች ስም ከድምፁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይፋ ይሁን፤ እያንዳንዱ ዕጩ በሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ፤ ድምፁ በየስሙ ይሰጥ፤ ከሌላ ፓርቲ የሚመጣ ተሿሚ ካለ የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከስሙ ጋር ይቅረብ። ለዚህ ሕገ መንግሥት መንካት አያሻም። የምክር ቤቱን የአሠራርና የሥነ ሥርዓት ደንብ ማሻሻል ይበቃል፤ ደንቡን የሚያወጣውም ምክር ቤቱ ራሱ ነው።