እርማት፦ የላና ዴል ሬይ የመጀመሪያ አልበም «ያልወጣ» አይደለም

ወዳጄ፣ ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ «ከ‹ቦርን ቱ ዳይ› አልበም በፊት ያሉት የላና ዴል ሬይ ዘፈኖች በሙሉ ሾልከው የወጡ ናቸው፤ በይፋ የተለቀቀ የለም» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

በአውሮፓውያኑ 2008 ሊዚ ግራንት በሚል ስም «ኪል ኪል»ን አውጥታለች። ሦስት ዘፈን ብቻ ነው፣ ግን በይፋ ወጥቷል። በጥር 2010 ደግሞ «ላና ዴል ሬይ» የተሰኘ ሙሉ አልበም ተከተለ፤ ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ካን ነው። በኢንተርኔት ተሸጧል። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተነሳ። ነገሩ የተምታታው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ዛሬ ፈልጎ ሲያጣው ጭራሽ ያልወጣ ይመስለዋል። ከገበያ መነሳትና አለመውጣት ግን ለየቅል ናቸው። (በነገራችን ላይ፣ አልበሙ ላይ የ«ሬይ» አጻጻፍ ዛሬ ከምትጠቀምበት በአንድ ፊደል ይለያል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ አይታይም እንጂ!)

«ያዮ» የተባለውን ዘፈን ውሰድ። በ2008ም በ2010ም ሥራዋ ላይ አለ። በ2012 «ፓራዳይዝ» በተባለው ሥራዋ ላይ እንደ አዲስ ተቀርጾ ሲመጣ ነው ብዙዎቻችን የሰማነው።

በእውነት በይፋ ያልወጣ ከፈለግክ «ሳይረንስ» የተባለው አልበም አለልህ። ሜይ ጄይለር በሚል ስም የሠራችው ነው፤ በ2012 ሾልኮ ወጣ። አብዛኛው ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው። እኔ በግሌ እወደዋለሁ።

«ሴይ የስ ቱ ሄቨን» የተባለውን ዘፈን ግን በይፋ ካልወጡት ጋር አትቁጠረው። ለዓመታት ሾልኮ ሲደመጥ ቢቆይም በ2023 በይፋ ተለቋል።