ኮላም ከነጥቡ ይጀመር

ስለ ሕንድ የደጃፍ ሥዕሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የታሚሎችን ኮላምና ባለቀለሙን ራንጎሊ ጨፍልቆ «በቀለም ዱቄት የሚሠራ የወለል ጌጥ» ማለቱ ቅር አሰኝቶኛል።

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚሎቹ ከተማ ቼናይ ስማር ቤት ያከራዩኝ እናት በየማለዳው ደጃቸውን ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው ኮላም ይሥሉ ነበር። ቀለም የሚባል የለም፤ ነጭ የሩዝ ዱቄት ብቻ። በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ሲያፈሱት እንደ ክር ይወርዳል። እኔ ስሞክር መታጠፊያው ላይ እጄ ስለሚያመነታ ዱቄቱ ይከመርብኝ ነበር።

መጀመሪያ ነጥቦቹ ይደረደራሉ። በታሚል ፑሊ ይሏቸዋል። በየረድፉ 1፣ 3፣ 5፣ ከዚያ ተመልሶ 3፣ 1፤ በድምሩ 13 ነጥብ። ሲኩ ኮላም በሚባለው ዓይነት መስመሩ ነጥቦቹን ሳይነካ ይዞራቸዋል፣ ራሱን እያቋረጠ ይሄድና በተነሣበት ይገጥማል። ክፍት ጫፍ አይተውም። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ስሌት ነው! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ የማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ክርስቲያን ኮሌጁ ጊፍት ሲሮመኒና ባልደረቦቻቸው በኮምፒውተር ሳይንስ ምርምራቸው ኮላምን ያጠኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው የተዘለለው ጉንዳኑ ነው። ዱቄቱን ጉንዳንና ወፍ ይበሉታል፤ እንዲበሉትም ታስቦ ነው። እኚያ እናት ጉንዳኖቹ ሲመጡ ደስ ይላቸው ነበር። በታሚሎች የማርጋዢ ወር፣ በእኛ ታኅሣሥ ገደማ፣ ሥዕሉ መንገዱን ይሞላል፤ መሐሉ ላይ ቢጫ የዱባ አበባ ይቀመጣል። ሐዘን የገባበት ቤት ደጅ ግን ባዶውን ይውላል።

በምዕራብ ሕንድ ያለችውን የማሃራሽትራን ራንጎሊ፣ ለዲዋሊ የብርሃን በዓል የሚሠራውን፣ ያን ባለቀለሙን፣ እባካችሁ ለብቻው ጻፉልን።