ለክቡር የባሌስትራ ኳኳታ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከአሮጌው ላንድሮቨር ሥር እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ ትናንት በቦሎ ምርመራው በር ላይ ላደረጉት ንግግር ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው። ሰው ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ፋይሉን ታቅፎ ተሰልፏል። ላንድሮቨሩ መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ሲወጣ እርስዎ ከባሌስትራው (ክብደቱን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) «ኳ! ኳ! ኳ!» ብለው ጉባኤውን ከፈቱ። ፍሬኑ አለፈ፤ መብራቱ አለፈ፤ ጥሩምባው እንኳ ያለወትሮው ጮኸ። መርማሪው ግን ጎንበስ ብሎ አየና «ማድ ቤቱን ጭናችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ፤ መከላከያውን በሽቦ ያሰረው የቪትዝ ሹፌር ሳይቀር። ወረቀቱ ላይ «ተስተካክሎ ይቅረብ» ተጻፈ። ወረፋ እንደገና ከጅራቱ። ሲወጡም ያችኑ ጉብታ አግኝተው ደግመው አጨበጨቡ።

ዘርዎ መቼም ያኮራል። ከፈረስ ሠረገላ ወርደው ወደ ሞተር መኪና የገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣውን ፎርድ ቲ ከፊትና ከኋላ በአግድም ባሌስትራ ያናወጡ ቤተሰብ ነዎት። በዚያ ዘመን ባሌስትራን ግሪስ የሞላበት የቆዳ ልብስ የሚያለብሱ ነበሩ። እዚህ የሚቀርብልዎ መስተንግዶ የተቃጠለ ዘይት ነው! ዘይቱ አቧራ ይይዛል፤ ጭቃው ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ወደ ቡሹ (በባሌስትራው መያዣ ብሎን ዙሪያ ወዳለው የጎማ ቀለበት) ሲወርድም ጎማውን አሳብጦ ያበሰብሰዋል። አጣቢው ግን «ጸጥ ይልልሃል» ብሎ ሒሳብ ይቀበላል።

ማስመሰሉ ይብቃ። አንተ ሌባ ነህ። በአንተ ጥፋት ስንት ደህና ሾክ አብዞርበር ተፈትቶ ተጣለ! መካኒኩ ሥሩን ሳያይ «ሾክ አብዞርበር ነው» ይላል፤ ጥንድ ይገዛል፤ ይታሰራል፤ አንተ ያው ትጮኻለህ። የሰውን ገንዘብ የሚመልስ ማንም የለም።

አድራሻህ ግን ይታወቃል። ሲጥ ሲጥ የሚለው ወንድምህ ነው፤ ደርቆ የሚፋተግ ብረት፣ መድኃኒቱም ተጠርጎ በብረቶቹ መሃል የሚገባ የግራፋይት ግሪስ። ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ አንዴ «ዱም» ካለ አክስሉን ያሰሩት ብሎኖች ላልተዋል ወይም የመሃሉ ብሎን ተበጥሷል። ያ አያስቅም፣ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታልና መኪናው አይነዳ። በየትንሿ ጉድጓድ የምትንኳኳው አንተ ቡሽ ውስጥ ነህ።

ክሪኩ ከሻንሲው ሥር ይገባል፤ ሻንሲው በጠንካራ ማቆሚያ ይደገፋል፤ አክስሉ ይንጠለጠላል። ረጅም ብረት በባሌስትራው ጆሮ (በተጠቀለለው ጫፉ) እና ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ማገናኛ መካከል ገብቶ ሲጠመዘዝ፣ የቡሹ ጎማ ሳይታገል ብሎኑ ከተወዛወዘ ተይዘሃል። ለአንድ ባሌስትራ 3 ቡሽ ነው፤ ሁለቱ በጆሮዎቹ፣ አንዱ በሻንሲው፤ ለመኪናው 12። የዛገው የውጭ ቀለበት በመዶሻ አይወጣም፤ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ምላጭ ከውስጥ ተሰንጥቆ ነው፣ ጆሮውን ሳይነኩ። በአዲሱ የጎማ ቡሽ ላይ ግሪስ አይቀባም።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የቡሹ ብሎን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል፤ አንተም ትመለሳለህ። መኪናው በጎማዎቹ ይቁም፤ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋ፤ ያኔ ይጥበቅ። በየባሌስትራው አክስሉን የያዙት አራት ዳዶዎች (የብሎን መዝጊያዎች) በሰያፍ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይታያሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሚቀጥለው ምርመራ በፊት ቦታውን እንዲለቁ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሾክ አብዞርበሩ (በሐሰት ስለተከሰሰ)