የአስም የደም ምርመራ ከመታመኑ በፊት ቲዩቡ ይታይ

አስምን በደም ለመለየት ተስፋ የተጣለባቸው ማይክሮ አር ኤን ኤዎች 22 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሏቸው የአር ኤን ኤ ቁራጮች ናቸው። ፕሮቲን አይሠሩም፤ ሥራቸው ሌላው እንዳይሠራ ማድረግ ነው። ከዘረመል ወጥቶ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚሄደውን መልእክት መንገድ ላይ ይይዙታል፤ ወይ ይበጣጠሳል፣ ወይ ሳይነበብ ይቀራል። በ1993 እ.ኤ.አ. ይህንን በአንዲት ሚጢጢ ትል ላይ ያሳዩት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን በ2024 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ይገባቸዋል። ለአስም ታካሚ ግን ግኝቱ እስካሁን ሐኪም የሚተማመንበት የምርመራ ውጤት አልሆነም።

ሚር-21 የተባለውን ማይክሮ አር ኤን ኤ እንውሰድ። አለርጂ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ሳንባ ውስጥ ይበዛል፤ የሚያፍነውም ኢንተርሊውኪን-12ን፣ የመከላከያ ሴሎች ከሚነጋገሩባቸው ፕሮቲኖች አንዱን፣ ነው። ይህ ሲያንስ የመከላከያ ሴሎች ሚዛን ወደ አለርጂው ወገን ያጋድላል። በዚያ ወገን ካሉት ፕሮቲኖች ኢንተርሊውኪን-5 ኢዮሲኖፊል የተባሉትን የአለርጂ ነጭ የደም ሴሎች ያበዛል፤ ኢንተርሊውኪን-13 አክታውን ያበዛል፣ የአየር ቧንቧውንም ለትንሽ ነገር የሚኮማተር ያደርገዋል። ሚር-21 የሌላቸው አይጦች ሳንባ ውስጥ ኢዮሲኖፊሉ ይቀንሳል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሌት-7 የሚባለውን ሌላ ማይክሮ አር ኤን ኤ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ለአይጦች ሲሰጥ የሳንባቸው ብግነት ቀነሰ፤ ሌላ ቡድን ደግሞ ሌት-7ን ሲያግድ ብግነቱ ቀነሰ! አንዱ ማይክሮ አር ኤን ኤ ብዙ መልእክቶችን ስለሚነካ ውጤቱ እንደ ሴሉና እንደ ጊዜው ይለያያል። ሳንባን በሙሉ ፈጭቶ መለካት የሽሮውን ቀለም አይቶ ስንት ባቄላ፣ ስንት አተር እንደገባበት እንደመገመት ነው።

የደም ምርመራው ደግሞ ገና ከመርፌው ይሰናከላል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ቲዩብ ከተቀዳ ሄፓሪኑ ፒሲአሩን፣ ማለትም ማይክሮ አር ኤን ኤውን በየዑደቱ አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ፣ ያውካል፤ ወይን ጠጅ ክዳን ያለው፣ በሌላ የደም መርጊያ መከላከያ የሚሠራው የኢዲቲኤ ቲዩብ ይሻላል። ሲሪንጁ በኃይል ከተሳበ ወይም ቲዩቡ ከተናጠ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው የታጨቁት ሚር-16 እና ሚር-451 የተባሉ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ወደ ፕላዝማው፣ ወደ ደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይፈስሳሉ። ፕላዝማው ለዓይን ሳይቀላ እንኳ ውጤቱ ሊበላሽ ስለሚችል በ414 ናኖሜትር ብርሃን መፈተሽ አለበት። ብዙዎች ሚር-16ን እንደ ማመሳከሪያ ይጠቀሙበታል፤ ማመሳከሪያው ራሱ ሲጨምር ሌላው ሁሉ የቀነሰ ይመስላል። ሴሎቹን ለመለየት በሴንትሪፉጅ ማሽን አንዴ ብቻ ተሽከርክሮ የቀዘቀዘ ናሙና ደግሞ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች) ይቀርበታል፤ ሲቀልጥ ያ ፕሌትሌት የራሱን ማይክሮ አር ኤን ኤ ያራግፋል። በፒሲአር የአንድ ዑደት ልዩነት እጥፍ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ታካሚው ስቴሮይድ እየሳበ ከሆነ የተለካው በሽታው ይሁን መድኃኒቱ አይታወቅም። ስለዚህ «በአስም ታማሚዎች ደም ውስጥ በእጥፍ ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ከውጤቱ በፊት የሚነበበው የናሙና አወሳሰዱ ነው።

በማይክሮ አር ኤን ኤ የሚሠራ የአስም መድኃኒትም ገና ነው። ሚር-34ን የሚተካ የካንሰር መድኃኒት በ2016 ሙከራው የቆመው ከባድ የመከላከያ ሥርዓት ምላሽ ስላስከተለ ነበር።

እስከዚያው የሚሠራው ስፓይሮሜትሪ፣ በኃይል የሚወጣውን ትንፋሽ የሚለካው ምርመራ፣ ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ሳልቡታሞል ከ200 እስከ 400 ማይክሮግራም ተስቦ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊሊትር ካደገ ምርመራውን ያጠናክራል። በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ይህ መሣሪያ የለም። ለአስም ገንዘብ ሲገኝ ቅድሚያው ለእሱና በየቀኑ ለሚሳበው ስቴሮይድ ይሁን፤ የማይክሮ አር ኤን ኤ ማሽን ይቆይ።